ልዝፈን ላለች ልጅ፣ በየትኛው ቋንቋ?

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ክሊቭላንድ አቬኒው ላይ ካሉት ሱቆቻችን በአንዱ ውስጥ እንጀራ እስኪመጣ ቆሜ ነበር። ታውቁታላችሁ መቼም፣ ቅዳሜ እንጀራው መጥቶ እስኪራገፍ ድረስ ግማሹ የኮሎምበስ አበሻ እዚያ ይገናኛል። ከኋላዬ አንዲት እናት ከልጇ ጋር ተሰልፋለች። ልጅቷ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። አንገቷን ስልክ ላይ ደፍታለች። ዘወር ብዬ ሳይ ከእሷ ብዙም የማትበልጥ ልጅ ትልቅ መድረክ ላይ ቆማ ትዘፍናለች፤ መብራቱ ይንቦገቦጋል፣ አዳራሹ ባንዲራ በባንዲራ ሆኗል።

እናትየው ሳቅ ብላ፣ «እትዬ፣ እስቲ እርስዎ ይምከሩልኝ። ቀን ከሌት ይሄንን ነው የምታየው። እኔም እወዳደራለሁ ብላ አላስቀምጥ አለችኝ። አባቷ ደግሞ ዘፈን የሚባል ነገር በቤቴ አልሰማም ብሏል» አለችኝ።

ልጅቷ ቀና ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። እኔ ብወዳደር የማንን አገር ወክዬ ነው? በምን ቋንቋ ነው የምዘፍነው?

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መልስ አልነበረኝም። እንጀራው መጣ፣ ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። ጥያቄው ግን እቤት ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ስለዚህ የዚህን ወር ዓምድ ለእሷ፣ ለእናቷና ለአባቷ አድርጌዋለሁ። እናንተም ቤት ይሄው ጥያቄ ካለ አብረን እንየው።

ልጅቷ የምታየው ጁኒየር ዩሮቪዥን የሚባለውን የልጆች የዘፈን ውድድር ነው። የትልቆቹን ዩሮቪዥን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። የልጆቹ የተጀመረው ከዴንማርክ ነው። በ2000 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፤ እዚህ ገጽ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) የዴንማርክ ቴሌቪዥን ለራሱ አገር ልጆች ውድድር አዘጋጀ። በ2002 ኖርዌይና ስዊድን ተጨመሩ። በ2003 ኅዳር ላይ ኮፐንሃገን ውስጥ 16 አገሮች ተሳተፉና ዲኖ የሉሺች የሚባል የ11 ዓመት የክሮኤሽያ ልጅ አሸነፈ። ያ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ የሮክ ዘፋኝ ነው። ዋይትስኔክ ከሚባለው የታወቀ ባንድ ጋርም ሠርቷል።

በ2024 ውድድሩ ማድሪድ ነበር። ያሸነፈው አንድሪያ ፑትካራድዜ የሚባል የጆርጂያ ልጅ ነው። ልጆች፣ ይቺ ጆርጂያ አትላንታ ያለችበት፣ አክስታችሁ የምትኖርባት ጆርጂያ አይደለችም። ከቱርክና ከሩሲያ ጋር የምትዋሰን ትንሽ አገር ናት። የሕዝቧ ብዛት አራት ሚሊዮን አይሞላም። እንደኛ የራሷ ፊደል አላት፣ እንደኛ የቆየ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አላት። እንግዲህ ይቺ ትንሽ አገር ውድድሩን አራት ጊዜ አሸንፋለች፤ በ2008፣ በ2011፣ በ2016 እና በ2024። አንድሪያ የዘፈነው ለእናቱ ነው። (እናቶች፣ ይሄን ለልጆቻችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው።) በማሸነፉም የ2025 ውድድር ወደ አገሩ ወደ ትብሊሲ ሄዷል። ቅዳሜ ዲሴምበር 13 ነበር፤ በእኛ ታኅሣሥ 4።

ገና በ2008 ጆርጂያን ያሸነፉላት ሦስት ልጆች ደግሞ በምን ቋንቋ ዘፈኑ መሰላችሁ? በንብ ቋንቋ! ቢጫና ጥቁር ለብሰው፣ የየትኛውም አገር ቃል ሳይጠቀሙ፣ እንደ ንብ እየጮሁ ዘፈኑና አንደኛ ወጡ። ልጆች፣ ይሄንን ዩቲዩብ ላይ ፈልጋችሁ ለአባታችሁ አሳዩት። ካልሳቀ ጻፉልኝ።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ ልምጣ። የቋንቋው ነገር በዚህ ውድድር ውስጥ ቀልድ አይደለም። በትልቆቹ ዩሮቪዥን ዘፋኙ በፈለገው ቋንቋ ይዘፍናል። ስለዚህም ብዙው እንግሊዝኛ ነው። የልጆቹ ግን ሕግ አለው። ተወዳዳሪው ከ9 እስከ 14 ዓመት መሆን አለበት። ዘፈኑ ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። ከግጥሙ ደግሞ ቢያንስ 60 በመቶው በአገሩ ቋንቋ መሆን አለበት። እንግሊዝኛ መቀላቀል ይቻላል፤ ግን ከ40 በመቶ ማለፍ አይቻልም። አያችሁ? ዓለም ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ በሚሮጥበት ጊዜ፣ ልጆቹን «መጀመሪያ በቤታችሁ ቋንቋ» ብለዋቸዋል።

ለእኛ ከሁሉም የሚቀርበው የአየርላንድ ነገር ነው። አየርላንድ ውስጥ ሰው በየዕለቱ የሚያወራው በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። የጥንቱ ቋንቋቸው አይሪሽ በትምህርት ቤት ይሰጣል፤ በዕለት ኑሮው የሚጠቀምበት ሰው ግን ጥቂት ነው። በ2015 አየርላንድ ወደ ልጆቹ ውድድር ስትገባ ያስገባት በአይሪሽ የሚያሰራጨው ቲጂ ፎር የሚባለው ጣቢያ ነው። ስለዚህ ልጆቹ በአይሪሽ መዝፈን ግድ ሆነባቸው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውጤቱ ብዙም አልነበረም። በ2022 ግን ሶፊ ሌነን የምትባል ልጅ በአይሪሽ ዘፍና አራተኛ ወጣች። ዌልስም እንደዚሁ በ2018 እና በ2019 በዌልሽ ቋንቋ ተወዳድራለች። በ2018 መጨረሻ ወጣች፤ ያም ሆኖ በዓመቱ ተመልሳ መጣች።

ይሄንን ሳነብ የራሳችንን ልጆች ነው ያሰብኩት። እቤት እናቱ በአማርኛ ስትጠይቀው በእንግሊዝኛ የሚመልስ ልጅ የሌለበት ቤት ኮሎምበስ ውስጥ ስንት ነው? የገባው ይገባዋል፤ አፉ ግን አይታዘዝለትም። እስቲ ደግሞ በእንቁጣጣሽ ዝግጅት ላይ የሚሆነውን አስታውሱ። ልጆቹ የሀበሻ ልብሳቸውን ለብሰው ይሰለፋሉ፣ እኛ ስልክ ይዘን እንቀርጻለን፣ እልል እንላለን። ከዚያ ወደ አንዱ ጠጋ ብላችሁ «ምን ማለት ነው የዘፈንከው?» ብትሉት ትከሻውን ይነቀንቃል። ግጥሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈን ነዋ የሰጠነው! እንግሊዝኛው «ቀ»ንና «ከ»ን አይለይ፣ «ጠ»ንና «ተ»ን አይለይ። ልጁ ምን ያድርግ? እኔም ጽፌ ሰጥቻለሁ፤ ራሴን ነጻ አላደርግም።

ዘፈን ለቋንቋ ሁነኛ መምህር የሚሆነው ግን እዚህ ላይ ነው። ፊደላችን ራሱ የማይናገረውን ነገር ዜማ ይናገራል። «ገና» ብላችሁ ጻፉ። ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ ሲላላ «አልደረሰም» ማለት ነው። «አለ» ሲጠብቅ መኖር ነው፤ ሲላላ መናገር ነው። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው። እዚህ ተወልዶ ያደገ ልጅ ይሄንን በደንብ አስረዱኝ ቢላችሁ ትደክማላችሁ። ዜማ ውስጥ ከገባ ግን የሚጠብቀው ላይ ድምፁ ረገጥ ይላል፣ የሚላላው ላይ ያልፋል፤ ጆሮው ይይዘዋል። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን ይሄንን ከኔ በላይ ያውቁታል።

ታዲያ አማርኛ እዚያ ትልቅ መድረክ ላይ ደርሶ ያውቃል ወይ? ለጥቂት ነው የተረፈው። ታሪኩ የትልቆቹ ዩሮቪዥን ቢሆንም ልንገራችሁ። ኤደን አለነ የምትባል ልጅ አለች። በ2000 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ ከኢትዮጵያ ከመጡ ወላጆች ተወለደች፤ ያሳደገቻት እናቷ ብቻዋን ነች። በ2018 የእስራኤልን ኤክስ ፋክተር አሸነፈች። በ2020 ደግሞ እስራኤልን ወክላ ዩሮቪዥን እንድትዘፍን ተመረጠች። የኢትዮጵያ ትውልድ ያላት የመጀመሪያዋ ተወካይ መሆኗ ነው። የተመረጠላት ዘፈን ርዕሱ ራሱ አማርኛ ነበር፤ «ፍቅር ልቤ»። ግጥሙ እንግሊዝኛ፣ አማርኛ፣ ዕብራይስጥና ዓረብኛ ተቀላቅሎበታል። ከጻፉት አንዱ ኢዳን ራይክል ነው፤ ሙዚቃው ውስጥ አማርኛ በማስገባት ከድሮም የታወቀ ሰው ነው።

ዘፈኑ ማርች መጀመሪያ ላይ ተመረጠ። በዚያው ወር አጋማሽ ላይ በኮሮና ምክንያት ውድድሩ ጭራሽ ተሰረዘ። በዓመቱ፣ በ2021፣ ኤደን በሌላ ዘፈን ሮተርዳም ሄዳ ፍጻሜ ገባችና 17ኛ ወጣች። ሁለተኛው ዘፈን ግን እንግሊዝኛው የበዛበት ነው፤ አማርኛው ቀርቷል። ስለ እስራኤልና ስለ ፖለቲካው የየራሳችሁ አቋም ይኖራችኋል፤ እሱን ለሌላ ገጽ እተወዋለሁ። እኔን ያሳዘነኝ አማርኛው ከደጃፉ መመለሱ ነው።

ያንን የ2021 የሮተርዳም ምሽት ግን ለልጆቻችሁ ብታሳዩአቸው አትጸጸቱም። ያን ቀን ስዊድንን የወከለው ቱሴ ኮንጎ ውስጥ ተወልዶ በስምንት ዓመቱ ስደተኛ ሆኖ ስዊድን የገባ ልጅ ነው። ሳን ማሪኖን የወከለችው ሰንሂት ቦሎኛ ውስጥ ከኤርትራውያን ወላጆች የተወለደች ናት። ማልታን የወከለችው ዴስቲኒ ቹኩንየሬ ደግሞ አባቷ ኳስ ለመጫወት ማልታ የሄደ ናይጄሪያዊ ነው። ሰባተኛ ወጥታለች። ይቺ ዴስቲኒ ከስድስት ዓመት በፊት፣ በ2015፣ በ13 ዓመቷ ሶፊያ ላይ የልጆቹን ውድድር ያሸነፈች ናት።

አንድ ልጨምር። በ2019 ለፖላንድ ያሸነፈችው ቪኪ ጋቦር የሮማ ቤተሰብ ልጅ ናት፤ የተወለደችው ጀርመን አገር ሃምቡርግ ነው። ስለዚህ «የማንን አገር ወክዬ?» ብሎ የጠየቀ ልጅ የኛዋ ብቻ አይደለችም። እነዚህም ሳይጠይቁት አልቀሩም።

ይሄን ሁሉ ካልኩ በኋላ ለአባትየውም ጆሮ ልስጥ፤ ያለምክንያት አይደለም የሚቆጣው።

ውድድር ልጅ ላይ ይከብዳል። ይሄንን ያስጀመሩት ሰዎች ራሳቸው አይተውታል። ዴንማርክና ኖርዌይ ከ2005 በኋላ ከውድድሩ ወጡ። የልጆቹ አያያዝና ጫናው አልተመቸንም ብለው፣ በ2006 ወደ ራሳቸው የሰሜን አገሮች ትንሽ ውድድር ተመለሱ። እስቲ አስቡት፣ ሐሳቡን ያፈለቀችው አገር ናት ትታ የወጣችው! በዋናው ውድድርም ቢሆን ልጆቹን ለመጠበቅ ያሰቡት ነገር ነበር። ከ2005 እስከ 2015 ድረስ እያንዳንዱ አገር ገና ሳይጀመር 12 ነጥብ ይሰጠው ነበር። ለምን? ማንም ልጅ በዓለም ፊት ዜሮ ይዞ ወደ ቤቱ እንዳይገባ። በትልቆቹ ዜሮ የተለመደ ነው፤ በዚያው በ2021 እንግሊዝ ዜሮ ይዛ ተመልሳለች። ለልጅ ግን ነውር ነው ብለው አሰቡ። ይሄ 12 ነጥብ ነገር በጣም ነው የወደድኩት። የኛ ሰው ልጆችን ሲያወዳድር «አንደኛ እገሌ፣ መጨረሻ እገሌ» ብሎ በማይክሮፎን ማንበብ ይወዳልና።

ሌላው ደግሞ ልጅ የአገር ሸክም ይሸከማል። በ2006 የሩሲያ መንታ እህትማማቾች፣ የቶልማቾቭ ልጆች፣ በዘጠኝ ዓመታቸው አሸነፉ፤ ሁሉም ወደዳቸው። በ2014 አድገው በትልቆቹ ዩሮቪዥን ኮፐንሃገን መድረክ ላይ ሲመለሱ ሩሲያ ክራይሚያን የያዘችበት ጊዜ ነበርና ከአዳራሹ ጩኸት ተነሳባቸው። ሁለት የ17 ዓመት ልጆች ናቸው እኮ። መንግሥታቸው በሠራው ምን አገባቸው? እኛ አበሾች ይሄንን ለመረዳት ማንም አያስረዳንም። ባንዲራ የቱ ይያዝ፣ ዘፈኑ በየትኛው ቋንቋ ይሁን ተብሎ የልጆች ዝግጅት ላይ አዋቂ ሲጨቃጨቅ አይታችሁ የለ?

የአባትየው ሌላው ነገር «ዘፈን» የሚለው ቃል ነው። በእንግሊዝኛ ሁሉንም በአንድ ቃል መጥራት ይቻላል። እኛ ጋ ዘፈን አለ፣ መዝሙር አለ፣ መንዙማና ነሺዳ አለ፣ እንጉርጉሮ አለ፣ ቀረርቶ አለ። ልጅቷ «ልዝፈን» ስትል በሐሳቧ ያለው በእንግሊዝኛ ነው፤ ድምፄን ላውጣ፣ ሰው ይስማኝ ነው የምትለው። አባትየው ግን የሚሰማው በአማርኛ ነው፤ ዘፈን ሲባል መጠጥ ቤቱ፣ ዓለማዊነቱ ነው የሚመጣበት። ሁለቱም ስለ ተለያየ ነገር ነው የሚጣሉት። በዚያ ላይ ዲሴምበር 13 በገና ጾም ውስጥ ነው። እኔ ማንንም ከእምነቱ አላስወጣም፤ የንስሐ አባት ያለው የንስሐ አባቱን ይጠይቅ፣ ሸይኹን የሚጠይቅም ይጠይቅ። ግን አባትዬ፣ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ ብለህ ሦስቱን ደቂቃ አብረሃት ስማ። ለእናቱ የሚዘፍን ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ እንቢ ካልክም እሷም ምን እንዳልክ ይገባታል።

ደግሞስ እኛ አገር ልጆች በዜማ መወዳደርን ከቴሌቪዥን ነው እንዴ የተማሩት? ቡሄን አስታውሱ። የዚህ ሰፈር ልጆች ከዚያኛው ሰፈር ልጆች ጋር፣ በጅራፍም በዜማም። አንዱ ያወርዳል፣ ሌሎቹ በዱላቸው መሬቱን እየመቱ ይቀበላሉ። ዳኛው ማን ነበር? በር ከፍታ የምትወጣዋ ባለቤት ናት። ዜማው ከጣማት ሙልሙሉ ይበዛል፤ ካልጣማት አንዲት ይዞ መሄድ ነው። አውራጁ የቤቱን ባለቤት ስም እያስገባ እዚያው ግጥም መፍጠር ነበረበት። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ጁኒየር ዩሮቪዥን መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ዘፈናቸውን ራሳቸው እንዲጽፉ ይጠብቅ ነበር፤ ኋላ ላይ አዋቂ መግባት ተፈቀደ። የቡሄ ልጅ ግን ገጣሚ ቀጥሮ አያውቅም። ሴቶቹ ደግሞ በእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ እያሉ አደይ አበባ ይዘው በየቤቱ።

በቴሌቪዥንም ቢሆን አባባ ተስፋዬ ነበሩልን። ተስፋዬ ሣህሉ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከተጀመረበት ከ1964 አንስተው ለ42 ዓመት የልጆችን ጊዜ አቅርበዋል። ያረፉት በ2017 ነው። ልጆች ፊታቸው ቀርበው ተረት ይናገሩ ነበር፣ ይዘምሩ ነበር። አንደኛ የለ፣ መጨረሻ የለ። ከዚያ በኋላ በ2006 «ፀሐይ መማር ትወዳለች» መጣች፤ ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ የሠሯት ቀጭኔ። እሷ ጋም ዘፈን አለ። ዩቲዩብ ላይ ስላለች ለትንንሾቹ አማርኛ ማስጀመሪያ ትሆናችኋለች።

አሁን እዚሁ ኦሃዮ ላይ ምን ይሁን? አሜሪካ በጁኒየር ዩሮቪዥን አትወዳደርም። በ2022 ኤንቢሲ የዩሮቪዥንን መልክ ይዞ ክፍለ ግዛቶችን አወዳድሮ ነበር፤ ኦሃዮን የወከለችው የካንተን ልጅ ሜሲ ግሬይ ነበረች። አንድ ዓመት ታይቶ ቀረ። ለልጆች በር የሚከፍተው «አሜሪካስ ጋት ታለንት» ነው። በ2016 ግሬስ ቫንደርዋል፣ በ2017 ዳርሲ ሊን፣ ሁለቱም በ12 ዓመታቸው አሸንፈዋል። የሚባለው አንድ ሚሊዮን ዶላር ግን በአንዴ እጅ ላይ የሚወድቅ አይደለም፤ በ40 ዓመት ተከፋፍሎ የሚሰጥ ነው። ልጆች ከመጓጓታቸው በፊት ይሄንን ብታስሉአቸው ጥሩ ሒሳብ ነው።

ወላጆች፣ እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ። አንድ የማውቀው ቤተሰብ ሞል ውስጥ ሲዘዋወሩ አንድ ሰው መጥቶ «ልጃችሁ ተሰጥኦ አላት፣ ለቴሌቪዥን እናቀርባታለን» አላቸው። ሆቴል አዳራሽ ጠሩአቸው። ፎቶ ይህን ያህል፣ ሥልጠና ይህን ያህል እያሉ የወር ኪራያቸውን የሚያክል ገንዘብ ተቀበሏቸው። ከዚያ በኋላ ስልኩ አይነሳም። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ስለዚህ ዓይነቱ ማጭበርበር በተደጋጋሚ ያስጠነቅቃል። እውነተኛ ወኪል ልጃችሁ ሠርታ ስታገኝ ነው ድርሻውን የሚወስደው፤ ገና ለገና ቀድሞ ክፈሉ አይልም። ዛሬውኑ ካልፈረማችሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ ውጡ። የደረሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ የኦሃዮ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ቢሮ የሸማቾችን አቤቱታ ይቀበላል። ማፈር አያስፈልግም፤ ብዙ ሰው ተበልቷል።

ለድምፅ መጀመሪያው ቦታ የትምህርት ቤቱ መዘምራን ነው። ልጁ ከሌሎች ጋር መተንፈስን፣ ተራ መጠበቅን፣ ሌላውን መስማትን እዚያ ይማራል። የሰንበት ትምህርት ቤቱም አለ። አንዳንድ ወላጅ «ብቻዋን ካልሆነ ምን ዋጋ አለው» ይላል። ተቀባይ ሳይሆኑ አውራጅ የሆነ ማን አለ?

ቤት ውስጥ ደግሞ የ60 በመቶውን ሕግ ሞክሩት። እኔ ከልጅ ልጆቼ ጋር ሞክሬዋለሁ። ሕጉ እንዲህ ነው፤ አሥር ስንኝ ያለው ዘፈን ይጻፋል፣ ስድስቱ አማርኛ፣ አራቱ ከፈለጉ እንግሊዝኛ። ርዕሱን ልጁ ይመርጣል። አማርኛ ቃል ሲጠፋው መጀመሪያ ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ይጠይቃል፤ ስልክ አይጠየቅም። የኔዎቹ ስለ በረዶ ነው የጻፉት። ታናሹ «ስኖው ቦል» አማርኛው ምንድነው ብሎ አፋጠጠኝ። የበረዶ ድቡልቡል አልኩት። «ድቡልቡል» የምትለዋን ቃል እንዴት እንደወደዳት! ሳምንቱን ሙሉ ሁሉን ነገር ድቡልቡል ሲል ከረመ፤ ድንቹንም፣ አያቱንም። እንግሊዝኛውን አልከለከልኩም፤ አራት ስንኝ የራሱ ነው። ሁለቱም የእሱ ናቸውና። ቤታችሁ የሚነገረው ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ከሆነ ስድስቱ በዚያ ይሁን፤ ሕጉ ያው ነው።

ውድድሩን ማየት የምትፈልጉ፣ በዩቲዩብ በቀጥታ ይተላለፋል። የ2024ቱ ማድሪድ ላይ ሲጀመር እዚህ እኩለ ቀን ነበር፤ የሚቀጥለውን ሰዓት ቀኑ ሲደርስ እዚያው ተመልከቱ። ከ2017 ጀምሮ ድምፅ በኢንተርኔት ስለሚሰጥ ከኮሎምበስም መምረጥ ይቻላል። አንድ ደስ የሚል ነገር አለው፤ አንድ አገር ብቻ መምረጥ አይፈቀድም፤ ቢያንስ ሦስት ዘፈን መምረጥ አለባችሁ። ስለዚህ ልጆቹ ተሰብስበው «ሁለተኛ የምትወዱት የቱን ነው? ሦስተኛስ?» እየተባባሉ ይከራከራሉ። በሰው ቋንቋ የተዘፈነ፣ ቃሉ የማይገባቸውን ዘፈን ለምን እንደወደዱት ሲያስረዱ መስማት ነው ጨዋታው።

ይሄንን ጽፌ ሳበቃ ባለፈው ቅዳሜ ያቺን እናት እዚያው ሱቅ አገኘኋት። ልጅቷም አለች። አባቷ ሦስቱን ደቂቃ ሰምቷል አሉኝ። ፈቀደ አላሉኝም፤ ሰምቷል ነው ያሉኝ። ሁለተኛም አድርጊው ብሏታል። ልጅቷ ዘፈኗን ጀምራለች፤ ስለ አያቷ ነው። አራት ስንኝ አማርኛ አላት፣ ሁለት ይጎድላታል። «ናፍቆት» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ የለም ብላ ተከራከረችኝ። እሁድ ጠዋት እዚህ ቁርስ ሲቀርብ አዲስ አበባ አመሻሽ ነው፤ አያቷ ከቤት የሚገኙበት ሰዓት ነውና ያን ጊዜ ደውላ የቀሩትን ሁለቱን ከእሳቸው እንደምትቀበል ነገረችኝ።